አርብ የቆለፍኩት ማህደር

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ቢሮ ገባሁ። ካፖርቴን ከበሩ ጀርባ ሰቀልኩ፣ መስኮቱን ገርበብ አደረግኩ፣ ቅዳሜና እሑድ ጠረጴዛዬ ላይ ያረፈውን አቧራ በጨርቅ ጠረግኩ። ጸሐፊያችን ሻይ ይዛልኝ መጣች። ሬዲዮ ነው የምንላት፤ የሰማችውን ሳታሰማ አትውልም። የዚያን ቀን ዜናዋ ሁለት ነበር፤ ሊፍቱ እንደገና መቆሙና የግምጃ ቤት ኃላፊው ፀጉሩን ጥቁር መቀባቱ። ቅንድቡን ረስቶታል አለችኝ። ስቄ ሻዬን ተቀበልኩና ማሽኔን አበራሁ።

የምንሠራው ካርታ ነው። ቀያሾች ከመስክ የሚያመጡትን ልኬት የወንዝ፣ የመንገድና የተራራ መስመር እናደርገዋለን። ለዚህ ሥራ ትልልቅ ስክሪን ያላቸው ስድስት ማሽኖች አሉን፤ ሁሉም ዩኒክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠሩና ዕድሜ የጠገቡ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ስማችንንና የይለፍ ቃላችንን ጽፈን እንገባለን። እኔም ጻፍኩ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ መሐሉ ላይ ትንሽ የመስቀል ምልክት ብቅ አለች፣ ከዚያ ያው የመግቢያ ገጽ ተመልሶ መጣና ስሜን ጠየቀኝ።

ቸኩዬ ይሆናል ብዬ ፊደል በፊደል እየለየሁ ደገምኩ። ጠቆረ፣ ተመለሰ። ሦስተኛውን ትንፋሼን ይዤ ጻፍኩ። ያው ነው። ተሳስተሻል እንኳ አላለኝም።

አራት ሰዓት ላይ የውሃ ኮሚቴው ይመጣል። ዓመት ሙሉ የደከምንበት የተፋሰስ ካርታ ደግሞ በእኔ ስም ካልሆነ አይከፈትም። የማሽኖቹን መግቢያ መክፈትና መዝጋት የሚችል ሰው በመሥሪያ ቤቱ አንድ ብቻ ነው። በዚያ ሰው ላይ ደግሞ አርብ ዕለት የሠራሁትን ሠርቻለሁ።

*

ሐኪሙ ይሉታል። ማሽን ሲታመም የሚጠራው እሱ ስለሆነ ነው፤ ገሚሱ በፍቅር ይለዋል፣ ገሚሱ በሽሙጥ። ሽሙጡ የሚመጣው አባቱን ከሚያስታውሱ ሰዎች ነው። አባቱ የዚህ ግቢ ዘበኛ ነበሩ፤ የእኔ አባት ዋና መሐንዲስ። ሃያ ዓመት ሙሉ የእሱ አባት በሩን ሲከፍቱ፣ የእኔ አባት በመኪና ሲገቡ ኖሩ። አሁን ሁለቱም የሉም።

የተዋወቅነው ከማሽኔ በጠፋ ካርታ ነው። ፈልጎ አገኘልኝና ከካርታው አጠገብ አንድ አጭር ጽሑፍ ትቶልኝ ሄደ። “ካርታሽ ተገኝቷል። ታችኛውን ወንዝ ግን እንደገና እይው፤ ሽቅብ እየፈሰሰ ነው” ይላል። እውነቱን ነበር። ብቻዬን ሳቅኩና መልስ ጻፍኩለት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ተጻጻፍን። እሱ በምሳ ሰዓት ይጽፋል፤ እኔ በማግስቱ ጠዋት ከሻዬ ጋር አነባለሁ። ማታ ከሥራ ስንወጣ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው አብረን እንሄዳለን፤ የሚያውቀን ሰው ከመጣ እኔ ጥቂት ቀደም እላለሁ። ለምን ቀደም እንደምል ጠይቆኝ አያውቅም።

ደብዳቤዎቹን ማሽኔ ውስጥ በአንድ ማህደር ሰብስቤአቸው ነበር። መቶ ሠላሳ ስድስት ሆነዋል። ማህደር መቆለፍንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ትእዛዙን ከመጻፌ በፊት የት ማህደር ውስጥ እንደቆምኩ ማሽኑን እንድጠይቀው ደጋግሞ ነግሮኛል፤ ማሽኑ የቆምሽበትን ነው የሚቆልፈው፣ ያሰብሽውን አያውቅም ይለኝ ነበር።

ባለፈው ወር፣ በአንዱ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ፣ “እናትሽ ሳያውቁኝ ሦስተኛውን ዓመት መጀመር አልፈልግም” ብሎ ጻፈ። ተገቢ ጥያቄ ነበር። አርብ ዕለት የአባቴ ፎቶግራፍ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል እናቴ ትመጣለች፤ ያን ቀን አስተዋውቅሃለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት።

አርብ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆሞ ጠበቀን። እናቴ በአጎቴ ክንድ ተደግፋ መጣች። አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው፤ የካርታ ክፍሉ ኃላፊም እሱ ነው። ሐኪሙ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት መጣ፣ “እንደምን ዋሉ እትዬ” አለና እጁን ዘረጋ። እናቴ ወደ እኔ ዞራ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

የምናገረውን ሳምንቱን ሙሉ ስለማመደው ነበር። አጎቴን አየሁት። ከኋላው የቆሙትን አሮጌ ሠራተኞች አየሁ፤ ዘበኛውን የሚያስታውሱትን።

“ማሽን የሚጠግንልን ሠራተኛ ነው” አልኩ። “ነይ እማዬ፣ ፎቶው በዚህ በኩል ነው።”

ክርኗን ይዤ አሳለፍኳት። ዞር ብዬ ሳይ እጁ ገና አልወረደም ነበር።

ማታ ልንወጣ ስንል አጎቴ ጠረጴዛዬ ጋ ቆም አለና ሰኞ ለኮሚቴው ካርታውን የሚያሳየው ራሱ በእኔ ማሽን ተቀምጦ እንደሆነ ነገረኝ። አጎቴ ያየውን ሁሉ ሳይነካካ አያልፍም። ደብዳቤዎቹ በሙሉ እዚያው ናቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የመቆለፊያውን ትእዛዝ በጥድፊያ ጻፍኩ፣ ማሽኑን አጠፋሁ፣ ካፖርቴን ደረጃው ላይ እየለበስኩ ወጣሁ። ደብዳቤዎቹን በመደበቄ ቀለል ብሎኝ ነበር። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ቀለል ማለቴ ነው።

*

ሰኞ አጎቴ ሦስት ሰዓት ላይ አዲስ ክራቫት አስሮ መጣ። ስክሪኑ ጠቁሮ ሲመለስ ሁለት ጊዜ አየና ፊቱ ተለዋወጠ። የይለፍ ቃሌን ረስቼ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አልረሳሁም አልኩት። መግቢያውን ማን መዝጋት እንደሚችል ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ሬዲዮ ፋይል ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ስለነበር፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ሐኪሙ አርብ ከሰዓት በኋላ ፊቱ ልክ እንዳልነበረ ጨመረችበት።

“ምን አድርገሽው ነው?” አለኝ አጎቴ።

እውነቱን ብናገር ሁለት ዓመቱን መናገሬ ነው። “እናቴ ፊት አላከበርኩትም” አልኩ። “ሳይቀየመኝ አልቀረም።”

“እና ቂሙን በኮሚቴው ቀን ተወጣው?”

ዝምታዬን እንደ አዎ ቆጠረው፤ እኔም አላረምኩትም።

ኮሚቴው ሲመጣ አጎቴ በእጁ የሚይዘው ማስረጃ ይፈልግ ስለነበር ወረቀት አምጥቶ ፊቴ አኖረ። እሱ እየነገረኝ ጻፍኩ፤ የማሽን ባለሙያው በግል ቅሬታ ተነሣሥቶ ሆን ብሎ መግቢያዬን እንደዘጋብኝ። “ሆን ብሎ” የሚለው ጋ ስደርስ ብዕሩ ቆመ። በእርግጥ አላውቅም ነበር። ግን ከአርብ ጀምሮ በዳይዋ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሱም በድሎኝ ቢገኝ ይሻለኝ ነበር። ፈረምኩ።

ሬዲዮ አንገቷን አስግጋ ፊርማዬን ስታይ ፊቴ ጋለ። መስኮቱን ልከፍት ተነሣሁ። ክፍት ነበር።

*

ሐኪሙ ተጠርቶ የዘወትር ሰማያዊ ሹራቡን ለብሶ መጣ። እንደምን አደራችሁ አለ፤ አጎቴ አልመለሰለትም። ወረቀቱ ከቁልፍ ሰሌዳው አጠገብ እንደተዘረጋ ነበር። አጎቴ ሊያነሣው እጁን ሲሰድ ዘገየ። ሐኪሙ እንደቆመ አነበበው። ፊርማዬን በካርታዎቹ ግርጌ ሲያየው ስለኖረ የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም። ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ።

ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ ጠየቀኝ፤ አምስት ጊዜ አልኩት። ተሳስተሻል ብሎሽ ያውቃል አለኝ፤ አላለኝም አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ሦስት ቁልፎች በአንድ ጊዜ ተጫነ። ሥዕሉ ሁሉ ከስክሪኑ ጠፍቶ በጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ቀረ። በራሱ ስም ገባና ማሽኑ ስለ ራሱ የሚጽፈውን መዝገብ ከታች ወደ ላይ ማንበብ ጀመረ። ጣቶቹ እንደ ሁልጊዜው አይቸኩሉም። እነዚያን ጣቶች አውቃቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ለማየት ድፍረት አጣሁ።

“ፓስወርዷ ልክ ነው” አለ ለአጎቴ። “ይኸው፣ አምስቱንም ጊዜ ተቀብሏታል። የዘጋባት ሰው የለም።”

“ታዲያ ለምን ይመልሳታል?”

ረጋ ብሎ አስረዳው። አንድ ሰው ሲገባ ማሽኑ በሰውየው ዋና ማህደር ውስጥ አንዲት ትንሽ ፋይል መጻፍ አለበት፤ መጻፍ ካልቻለ መስኮቶቹን መሳል አይችልምና ወደ መግቢያው ይመልሰዋል። እዚህም መጻፍ አልቻለም። ይህን እያለ አንድ መስመር ጻፈ፤ አንድ መስመር መልስ መጣለት። ከትከሻው በላይ እኔም አነበብኩ። የእኔ ስም አለ። የዋና ማህደሬ ስም አለ። ፈቃድ በሚጻፍበት ቦታ ላይ ሰረዝ ብቻ ተደርድሯል፤ ለማንም፣ ለእኔም ጭምር፣ አይፈቀድም ማለት ነው። ቀኑ አርብ ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው።

የቆለፍኩት የደብዳቤዎቹን ማህደር አልነበረም። የት እንደቆምኩ ሳልጠይቅ፣ የእኔ የሆነውን ሁሉ በራሴ ላይ ቆልፌ ነበር የሄድኩት።

እሱም ገባው። የገባው መቆለፌ ብቻ አይደለም፤ ምን ልደብቅ እንደነበርና ከማን እንደሆነ ጭምር ነው። ጆሮው ከሥሩ ሲቀላ አየሁ። እኔ ማፈር ሲገባኝ እሱ ያፈረልኝ መሰለኝ።

አንድ አጭር ትእዛዝ ጻፈ፣ ቀጥሎ ሌላ ጻፈ፣ ወደ ሥዕሉ ገጽ ተመለሰና ወንበሩን ለቀቀልኝ። የይለፍ ቃሌን ስጽፍ እንደ ወትሮው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ገባሁ። ካርታው ተከፈተ።

“እና ማን ነው ያበላሸው?” አለ አጎቴ።

“ስህተት ነው። ተንኮል የለበትም።”

“የማን ስህተት?”

ሐኪሙ ወደ እኔ አየ። ሊከሰኝ አልነበረም። በር ይዞ ቀድመሽ እለፊ እንደሚል ሰው ቦታ ሰጥቶኝ ጠበቀ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሬዲዮ ግን በሩ ላይ ናት። አጎቴ ለምን ቆለፍሽው ማለቱ አይቀርም። ዓይኔን ወደ ስክሪኑ መለስኩና ለሦስት ወር ሳርመው የከረምኩትን ወንዝ እንደ አዲስ መመርመር ጀመርኩ።

“የእኔ ይሁን” አለ ሐኪሙ።

አጎቴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ከኮሚቴው በኋላ እንነጋገራለን አለው። እሺ ብሎ ወጣ፤ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

*

ኮሚቴው ካርታውን ወደደው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ማን እንደሠራው ጠየቁ፣ አጎቴ በእጁ ወደ እኔ አመለከተ፣ ሰዎቹ አጨበጨቡልኝ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆሜ ቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ የማሽን ክፍል ወረድኩ።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ የማቀዝቀዣዎቹ ድምፅ አያቋርጥም። ሐኪሙ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ በትናንሽ ወረቀቶች ላይ እየጻፈ በየገመዱ ላይ ይለጥፋል። የትኛው ገመድ ከየትኛው ማሽን እንደሚመጣ በቃሉ ስለሚያውቅ ከዚህ በፊት ለጥፎ አያውቅም ነበር። ለሌላ ሰው እያዘጋጀው እንደሆነ ገባኝ።

“ለምን እንደዚያ አልክ?” አልኩት።

“ምን ልበል? የሷ ነው ልበል?” ቀና አላለም። “አጎትሽ ለምን ብሎ ሲጠይቅሽ ሰው ፊት ስትዋሺ ልሰማ? አርብ ሰምቻለሁ። አንዴ ይበቃኛል።”

ፈርቼ ነው አልኩት።

“አርብ ፈርተሽ ነው” አለ። “ቅዳሜንና እሑድን ጠበቃሽ ሆኜ ነው የዋልኩት። ፈርታ ነው፣ ሰኞ ትነግረኛለች፣ እያልኩ። ወረቀቱ ግን ፍርሃት አይደለም። እንደዚያ የማደርግብሽ ሰው መስዬሻለሁ ማለት ነው።” እጁ ላይ የነበረውን ወረቀት ለጠፈና ተነሣ። “ሁለት ዓመት ስጽፍልሽ፣ የምታነቢው የዚያን ሰው ደብዳቤ ነበር?”

አልነበረም። አልነበረም ብዬ እንዳልናገር ግን ፊርማዬ አጎቴ ኪስ ውስጥ ነበር። አሁኑኑ ሄጄ ለአጎቴ ሁሉን እነግረዋለሁ አልኩት። ለእሱ ብዬ ከሆነ እንዲቀርብኝ፣ ለራሴ ብዬ ከሆነ ግን እንድነግረው መለሰልኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር።

ልወጣ ስል ጠራኝ።

“ደብዳቤዎቹ እንዳሉ ናቸው። አልከፈትኳቸውም። ዋናውን ማህደር ስከፍትልሽ እነሱን ለይቼ ቆልፌልሻለሁ፤ አጎትሽ ኮሚቴው ፊት እንዳያገኛቸው ብዬ።”

ልደብቀው የፈለግኩትን እሱ ራሱ ደብቆልኝ ነበር፤ በትክክል፣ ያለ ጥድፊያ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። እንባዬን ለማበስ እንኳ እጄን ማንሣት አፈርኩ።

*

ያን ቀን ለአጎቴ አልነገርኩትም። ከሰብሳቢው ጋር ይሳሳቅ ነበር፤ ነገ ይሻላል አልኩ። አንዲት ቀን ምን ታመጣለች ብዬ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ገብቼ ሳልቀመጥ ነገርኩት። መቆለፌን፣ ለምን እንደቆለፍኩ፣ ሁለቱን ዓመት። አጎቴ መነጽሩን አወለቀ። “የዘበኛው ልጅ?” አለኝ፤ አዎ አልኩት። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። መሳቢያውን ከፈተና ወረቀቴን አውጥቶ ፊቴ ቀደደው። ከሥሩ የነበረውን ሌላ ወረቀት ግን አልቀደደውም፤ የሐኪሙ የመልቀቂያ ደብዳቤ ነበር፣ ሁለት መስመር፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ የተጻፈ።

“ትናንት ብትነግሪኝ ኖሮ አልቀበለውም ነበር” አለኝ።

የቀረውን ሬዲዮ ነገረችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። በሩቅ ከተማ ያለ አንድ ድርጅት ዓመት ሙሉ ና እያለ ሲለምነው፣ እዚህ ትቼው የማልሄደው ሰው አለኝ እያለ እምቢ ሲል ነበር። ሰኞ እሺ አላቸው። ማክሰኞ በማለዳው አውቶቡስ ሄደ። ስልኩ ላይ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። መልስ የምተውበት ማህደሩም ከስሙ ጋር ከማሽኑ ተሰርዟል።

የዚያኑ ቀን ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ሳህኖቹን አጥባ ጨረሰች። ሁለት ዓመት ደብቀሽኝ አለች። ከዚያ እጇን አደረቀችና አጠገቤ ተቀመጠች።

“አርብ እጁን ሲዘረጋ አይቼዋለሁ” አለች። “ልጨብጠው ስል ነው አንቺ የጎተትሽኝ። የማን ልጅ እንደሆነ ገና ሳየው አውቄዋለሁ፤ ቁርጥ አባቱን ነው። ማን ነው ያልኩሽ ከአንቺ አፍ ልሰማ ብዬ ነው። አንቺ በልጁ ስታፍሪ እኔ በአንቺ አፈርኩ።”

እንባዬ ያን ጊዜ እንደገና መጣ። አላባበለችኝም፤ እስክጨርስ ጠበቀች። ከዚያ እሑድ ይምጣ፣ እኔ ራሴ በር ላይ እቀበለዋለሁ አለች።

መሄዱን ልነግራት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት።

ይህ ከሆነ ሦስት እሑድ አለፈ። እናቴ በየሳምንቱ የወንበሩን ልብስ ታጥባለች፤ በየሳምንቱ ይመጣል ወይ ትለኛለች፤ ሥራ በዝቶበት ነው እላታለሁ። እናቴ ፈቅዳለች። አጎቴም አይቃወምም። የማመጣው ሰው የለኝም።